እናት ውሃ ውስጥ የገባው ክንድ

ደባርቅ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ሀብተ ሚካኤል፤
ታጁራ

ባሕሩና ሙቀቱ እንዴት ይዘውዎታል? እኛ በደባርቅ ያለነው፣ እናቴም እኔም፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እርስዎንም ከማዕበል ይጋርድልን፤ በገቡበት ሁሉ በሰላም ያውጣዎ።

የሺወርቅ እባላለሁ። የአጎትዎ ልጅ የኪዳነምሕረት ልጅ ነኝ። እርስዎ ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ ገና ስላልተወለድኩ የማውቅዎ በፎቶ ብቻ ነው። እናቴ ግድግዳው ላይ የሰቀለችው አለ፤ ጥቁር የጠላቂ ልብስ ለብሰው፣ ብዙ ክንድ ያለው ካሜራ ታቅፈው ጀልባ ላይ ቆመዋል። ልጅ ሆኜ ትልቅ ሸረሪት የያዙ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔም የምተዳደረው በካሜራ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፤ ሠርግና ክርስትና አነሳለሁ።

የጻፍኩልዎ ስለ እናት ውሃ ነው። ከመካነ ብርሃን ወዲያ ያለው የመንደርዎ ምንጭ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየሳሳ መጥቷል። ዋሻው ውስጥ ያለው ውሃ እንደ ጥንቱ ጥልቅ ነው፤ ወደ ውጪ የሚፈሰው ግን ክር አክሏል። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ገደል ለገደል እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። የውሃ መሐንዲሱ አቶ ታደለ መንገድ የሚሠራው ስካቫተር ወደዚያ ሲደርስ የዋሻውን አፍ አፍርሶ ምንጩን ሊገልጠው አስቧል። ቄስ ጥበብ ደግሞ «የምንጩ ዓይን የት እንዳለ ሳይታወቅ አለቱ ከተናጋ ውሃው ሌላ ስንጥቅ ይዞ ይጠፋል» ብለው ፈርተዋል። ሁለቱ ሲከራከሩ የክርስትና ፎቶ ላነሳ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። አቶ ታደለ ክፉ ሰው አይደለም። «እኔም የማላየውን ነገር መቆፈር አልወድም። ዓይኑን አሳዩኝና ማሽኑን እተወዋለሁ» አለ።

ዋሻው ጠባብ ስለሆነ፣ ውሃውም ጥልቅ ስለሆነ ሰው አይገባበትም። ካሜራ ግን ይገባል ብዬ አሰብኩ። ጨነቅ በሚባለው የጎብኚዎች ሰፈር እንግዳ የሚመራው ገዱ አንድ ጎብኚ ትቶለት የሄደውን፣ ውሃ የማያስገባ ሳጥን ያለው ትንሽ ካሜራ አውሶኛል። ከዚያ በላይ አላውቅም። ካሜራው ምን ላይ ይቀመጣል? መብራቱንስ ምን ይይዘዋል? ዕድሜዎን ሙሉ የሠሩበት ነውና ይምከሩኝ።

ስልኩም ኢንተርኔቱም የሚታመን ስላልሆነ ይህን የሚያደርስልዎ ወደ ጅቡቲ ጭነት የሚያመላልሰው የዳባቱ ሹፌር ያርጋል ነው።

ጉልበትዎን ስማ የምትሰናበትዎ
የሺወርቅ

⁂

ታጁራ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺወርቅ፤

ከደጋ ለወረደው ሰላምታሽ ከባሕሩ ዳር የሞቀ ሰላምታ ይውጣልሽ። የአባቶቼ አምላክ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ እጅሽን ያጽናልሽ። ለእናትሽ ለኪዳነምሕረት ጉንጯን ሳሚልኝ።

ያርጋል ደብዳቤሽን ከኪሱ ሲያወጣ የገብስ ቆሎ አብሮ ወጣ። ቆሎውንም ጨምሮ ሰጠኝ። ፖስታውን ከመክፈቴ በፊት ቆሎውን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ይህ ወር እዚህ ትልልቆቹ ዓሦች የሚመጡበት ነው። አውቶቡስ የሚያህል፣ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ዓሣ ከጀልባው ሥር ቀስ ብሎ ያልፋል። ማንንም አይነካም። ያን አፉን ከፍቶ የሚበላው ከትቢያ ያነሰ ነገር ነው። ጎኑን ይዘሽ ስትዋኚ ነጠብጣቡ ሁሉ ኮከብ ይሆንብሻል፤ ሌሊቱ ራሱ ክንፍ አውጥቶ ባጠገብሽ የሚሄድ ይመስልሻል።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። በእኛ ሥራ ትሪ የምንለው ከካሜራው ሥር የሚታሰር የብረት ሰሌዳ ነው። በጎኑ መያዣ አለው። ከመያዣው ጫፍ ክንዶቹ ይቀጠላሉ። ክንድ ያልኩሽ እንደ ሰው ክንድ በክርን የሚታጠፍ ዘንግ ነው፤ በጫፉ መብራት ይይዛል። ዓይነቱ ብዙ ነው። የሚመረጠው ግን በመልኩ አይደለም፣ በሚገባበት ውሃ ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ ይህን ንገሪኝ፤ ዋሻው ስፋቱ ምን ያህል ነው? ቁመትስ አለው? ውሃው የጠራ ነው ወይስ ድፍርስ? ካሜራውን በእጅሽ ልትይዢው ነው ወይስ በእንጨት ልታወርጂው?

እናት ውሃን ጠጥቼ አደግሁ እንጂ ውስጡን አይቼው አላውቅም። ይኸው የሰው አገር ባሕር ሆድ ውስጥ ስመላለስ ሸበትኩ።

እህቴ ዓለምዬ እንዴት ናት? ከቤቷ እስከ ምንጩ ዳገት ነው። ጉልበቷ ይችላል? ጻፊልኝ።

አጎትሽ
ሀብተ ሚካኤል

⁂

ደባርቅ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። የተባረከው ውሃ እርስዎ ያሉበትን ባሕርም ይዳስስልዎ።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ሳነብላት «ትሪማ ሞልቶናል!» ብላ የብርጭቆ ትሪዋን ከቁም ሳጥን አወጣችልኝ። ነገሩ ሲገባት ራሷም ሳቀች። አሁን የመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይሄድም።

የጠየቁኝን ልመልስ። ዋሻው ጠባብ ነው፤ ትከሻዬን በጎን ካላዞርኩ አያስገባኝም። ቁመት ግን አለው፣ እንደ ተሰነጠቀ ግንብ ነው። ውሃው ሳይነካ ሲያዩት የጠራ ነው፤ የሆነ ነገር ሲገባበት ደለሉ ይነሳል። የማወርደውም በባሕር ዛፍ አጣና ነው።

መልስዎን ሳልጠብቅ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። የእጅ ባትሪ ከካሜራው ጋር በፕላስተር አጣብቄ አወረድኩት። የታየው ነጭ ነገር ብቻ ነው። የክረምት ጉም ከደባርቅ ወርዶ ዋሻው ውስጥ የተኛ ይመስላል፤ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይዞራል። ከበስተጀርባው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ግን አይወጣልኝም። ምንም እንደማይታይበት እያወቅሁ ደጋግሜ አየሁት። አንዳንዴ ጉሙ ሳሳ ሲል ጥቁር በር የሚከፈት ይመስለኛል፤ ልገባ ስል ይዘጋል። በሕልሜም መጥቶብኛል።

ጎንደር አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትሪ አየሁ። አንዱ በግራና በቀኝ መያዣ ያለው ሰፊ ነው፤ ሌላው ባለ አንድ መያዣ ጠባብ። ክንዱም እንደ ሻወር ቱቦ የሚጣመም አለ፣ እርስዎ እንዳሉት በክርን የሚታጠፍም አለ። ሻጩ «ሰፊውን ከሚጣመመው ጋር ውሰጂ፣ ያምራል» ይለኛል። እርስዎ የሚሉኝን እጠብቃለሁ። ስካቫተሩ ከፋሲካ በኋላ እንደሚደርስ ተነግሯል።

እትዬ ዓለምዬ ደህና ናት።

ልጅዎ
የሺወርቅ

⁂

ታጁራ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺወርቅ፤

ጤና ይስጥሽ፤ የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ።

ያየሽው ጉም አይደለም፣ የራስሽ መብራት ነው። በውሃ ውስጥ ብናኝ አይጠፋም። መብራቱ ከሌንሱ አጠገብ ሲሆን ብናኙን መትቶ በቀጥታ ወደ አንቺ ይመለሳል። ሊማሊሞን በጉም የወረደ ሹፌር ትልቁን መብራት ሲያበራ ምን እንደሚያጋጥመው ያርጋልን ጠይቂው። መንገዱ ይጠፋና ነጭ ግድግዳ ይመጣል። ስለዚህ መብራቱን ከካሜራው አርቂው። ክንድ የተሠራው ለዚህ ነው። መብራቱ በጎን፣ ትንሽም ወደ ኋላ ይሁን፤ ፊቱን ጥቂት ወደ ውጪ አዙሪው። የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ የምትፈልጊውን ይንካው። ያን ጊዜ ጉምሽ ይጠፋል።

ሰፊውን ትሪ ተዪው። እርሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሜዳ ባሕር ለሚዋኝ ሰው ነው፤ የእናንተ ዋሻ አፉ ላይ ይይዘዋል። ጠባቡን ያዢ፣ በመያዣው ፋንታ አጣናውን እሰሪበት። የሚጣመመውን ክንድም ተዪው። ሱቅ ውስጥ ይታዘዛል፤ መብራት ተሸክሞ ሲናወጥ ግን አንገቱን ይደፋል፣ ታች ወርዶ ቀና የሚያደርገው የለም። በክርን የሚታጠፈው ማጥበቂያውን ካጠበቅሽው እንዳስቀመጥሽው ይቆማል። ሁለቱን ክንዶች እኩል አታድርጊያቸው። ዋሻው ቁመት ካለው ረጅሙን ወደ ላይ አቁሚው፣ አጭሩን በጎን አውጪው። ረጅሙ እንደ ፀሐይ ከላይ ያበራል፤ አጭሩ ጥላውን ያለሰልሳል። ክንዶቹ ላይ ዕቃውን የሚያቀል ተንሳፋፊ ይታሰርባቸው። ባሕር በጨው ኃይል ዕቃ ይሸከማል፤ የእናንተ ውሃ ጨው የለውም፣ ዕቃው እዚያ የበለጠ ይከብድሻል።

ከሱቁ አትግዢ። የሚሆንሽ እኔ ዘንድ አለ፤ ከነተንሳፋፊውና ከነመብራቱ በያርጋል እጅ ልኬዋለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ስለ ጉሙ ብዙ ጻፍሽልኝ። ስለ እህቴ የጻፍሽው «ደህና ናት» ብቻ ነው። ዓለምዬ በሁለት ቃል የምታልቅ ሰው አይደለችም። ምን ሆናለች?

ሀብተ ሚካኤል

⁂

ደባርቅ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

የጾሙን ወራት በሰላም ያሳልፍዎ። እንደዘገየሁ አውቃለሁ። መንገዱ ተዘግቶ ያርጋል ከነዕቃው ጎንደር ላይ ቆሞ ነበር። ግን ያዘገየኝ መንገዱ ብቻ አይደለም። ወረቀት አውጥቼ ሰላምታውን እጽፍና እተወዋለሁ።

እትዬ ዓለምዬ ጥቅምት ላይ ወድቃለች። ከወንዙ ጀሪካን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ እግሯ ከዳት፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ገዱ በበቅሎ እስከ መንገድ፣ ከዚያ በመኪና ደባርቅ አደረሳት። ታክማ ወጥታ እኛ ቤት ናት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው።

እንዳልነግርዎ ያስማለችኝ እርሷ ናት። «ሀብቴ ጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ሐሳብ ይዞ ከገባ ትንፋሽ ያጥረዋል» አለችኝ። ምን ልበላት? ዛሬ መሐላዬን አፍርሼ ስጽፍ እያየችኝ ነው። የምጽፈውን ታውቃለች መሰለኝ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አንብቤላታለሁ። ስለ ትልቁ ዓሣ የጻፉትን ደጋግሜ እንዳነብላት ትጠይቀኛለች። «ኮከቡ ጎኑ ላይ ነው ያለው?» ትለኛለች። አዎ ስላት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ሕመሙ ጥሏት የሚሄድ ይመስለኛል።

ትሪውና ክንዶቹ በፎጣ እንደተጠቀለሉ ደረሱ። ጠንካራ ናቸው፣ ክርናቸው እንደ ቅቤ ይዞራል። እጅ በሚይዝበት ቦታ ጥቁሩ ቀለም ተልጧል። የማን እንደነበሩ አልጠይቅም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የሺወርቅ

⁂

ታጁራ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሺወርቅ፣ ልጄ፤

ተቆጥቼ ነበር። ባሕሩ ዳር ስሄድ ውዬ ቁጣው ከእግሬ ሥር አሸዋ ጋር ቀረ።

ለዓለምዬ ይህን አንብቢላት፤ «ሐሳብ ይዤ ውሃ ውስጥ አልገባም። በዚህ አትስጊ።»

ሳጥኑን ከመዝጋትሽ በፊት የጎማውን ቀለበት በጣትሽ ዳስሺው፤ አንዲት ፀጉር ካለችበት ውሃ ያስገባል። መጀመሪያ ባዶውን አጥልቀሽ ሞክሪው። ከዚያ በኋላ አውርጂው፤ ካወረድሽም ደለሉ እስኪረጋ ሳትነካኪ ጠብቂ።

እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን።

ሀብተ ሚካኤል

⁂

ደባርቅ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምናፍቅዎ አጎቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ! ብርሃኑ ባሉበት ይድረስዎ። እናቴም እትዬ ዓለምዬም እንዲሁ ይላሉ።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት ወረድን። ገዱ አጣናውን ያዘ፤ እኔ ትሪውን አሰርኩ፣ ረጅሙን ክንድ ወደ ላይ፣ አጭሩን ወደ ጎን አደረግሁ። ቄስ ጥበብ ጸሎት አደረሱ። አቶ ታደለ ጫማውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መብራቶቹ ከውሃው በታች ሲገቡ ዋሻው ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ በራ፤ ከኋላችን የቆሙት ሴቶች «እሰይ» አሉ። ከዚያ እንዳሉኝ ጠበቅን። ገዱ አጣናውን ሳያንቀሳቅስ እንደ ሐውልት ቆመ።

ካሜራውን አውጥተን ላፕቶፑ ላይ ለማየት ፀሐዩ አስቸገረን። ቄስ ጥበብ ጋቢያቸውን ዘረጉና እርሳቸው፣ አቶ ታደለና እኔ ከሥሩ ገባን።

አጎቴ፣ ጉሙ የለም። መጀመሪያ ጨለማ ነበር፤ ከዚያ ብርሃኑ ከላይ እንደ ማለዳ ወረደ። የዛፍ ሥር ከጣራው እንደ ፀጉር ተለቆ ይወዛወዛል፣ በየጫፉ የአየር እንክብል ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ ወርቃማ ነገር እንደ ሐር ተነጥፏል። ምስሉ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ማናችንም አልተነፈስንም። የምንወርደው እኛ ነበርን። ከዚያ ታች አሸዋው ሲደንስ አየን። እየፈላ ይመስላል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ተነስታ፣ አብርታ፣ መልሳ ትቀመጣለች።

«ዓይኑ» አሉ ቄስ ጥበብ በሹክሹክታ፣ መቅደስ እንደገቡ ሁሉ።

አቶ ታደለ «አቁሚው፤ ትንሽ መልሺው» አለኝ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከጣራው ወድቆ ዓይኑ ላይ አጋድሏል። ጭቃና ሥር በጎኑ ሞልቶበታል። ውሃው የሚወጣው በቀረችው ቀዳዳ ብቻ ነው።

«ማሽኑ ቢያናጋው ይሄ ድንጋይ ተንሸራቶ ጨርሶ ይከድነው ነበር» አለ። ጋቢውን ገልጦ ወጣ። ለተሰበሰበው ሰው «ስካቫተሩ አይመጣም። ባልዲና የብረት ዘንግ ያለው ያምጣ» አለ።

መንደሩ በሙሉ ውሃውን በባልዲ አጎደለ። ቀጫጭኖቹ ወንዶች በጎን እየገቡ ድንጋዩን ፈነቀሉት፣ ጭቃውን ዛቁት። በማግስቱ ጠዋት ስንሄድ ውሃው ከዋሻው ወጥቶ በድንጋዩ ላይ እየዘለለ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ጥንቱ አይደለም ይላሉ። ቢሆንም ወንዝ የሚወርድ የለም።

ቤት ስመለስ ላፕቶፑን እትዬ ዓለምዬ ጭን ላይ አደረግሁላት።

«ይሄ ነው የኔ ውሃ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እናት ውሃ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ብርሃን ነው ስጠጣ የኖርኩት?»

ወዲያው ካሜራው አለት ነክቶ ዘንበል ሲል በምስሉ ጠርዝ ጥቁሩ ክንድ ገባ። «ይሄስ?» አለች።

«መብራቱን የያዘው ክንድ ነው። አጎቴ የላከው።»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ክንዱ ላይ አኖረች። ፊልሙ እስኪያልቅ አላነሳችም። «ሀብቴ እናት ውሃ ገባ» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ከወደቀች ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ፊልሙን በሚሞሪ ካርድ ለያርጋል ሰጥቼዋለሁ። አቶ ታደለ ዳባት ወረዳ ውስጥ የደፈረሱ የውሃ ጉድጓዶች ስላሉ መጥቼ በካሜራ እንድመለከትለት ጠይቆኛል፤ ግንቦት ሲያልቅ እሄዳለሁ።

ልጅዎ
የሺወርቅ

⁂

ደባርቅ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺወርቅ፤
ዳባት

ከላይ የተጻፈውን የቦታ ስም ተሳስቼ አይደለም። የምጽፍልሽ ከእናትሽ ቤት ነው። በሰላም ገብቼ በሰላም አግኝቻቸዋለሁ፤ ተመስገን።

ፊልምሽን ጀልባ ቤቱ ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር አየሁት። አንዱ «ይሄ የየትኛው ባሕር ነው?» አለኝ። «ባሕር አይደለም። እናቴ ትቀዳው የነበረ ውሃ ነው» አልኩት። ሌላ ፊልም ከፈቱ፤ የእኔ ዓይን ግን አሸዋው ሲደንስ እንዳየ ቀረ። ስበላም ስተኛም እርሱ ነው የሚታየኝ። ጥቂት ቀን ታግሼ የጀልባ ቤቱን ቁልፍ አስረከብኩ።

አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። ጆሮዬ ታሞ ሐኪም ከውሃ ከከለከለኝ ሰንብቷል። ዳር ተቀምጬ የሌሎችን ካሜራ ነበር የማሰናዳው። ለዓለምዬ ሐሳብ ይዤ አልገባም ያልኩት እውነቴን ነው፤ ጨርሶ አልገባም ነበርና። ትሪውና ክንዶቹ የራሴ ናቸው። እነርሱ ከእኔ ቀድመው አገር ገቡ።

ዳባትን ያለፍነው በጉም ነው። ያርጋል «የሺወርቅ እዚህ ናት» አለኝ፤ በመስኮቱ ባይ የሚታየኝ ነጭ ብቻ ነው። እጄን አወዛወዝኩልሽ።

እናትሽ በሩን ከፍታ አፏን ይዛ ቀረች። ዓለምዬ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነበር። አየችኝ፣ አየችኝና «ሸበትክ» አለች።

«አንቺም ሸብተሻል» አልኳት።

«እኔማ አሮጊት ነኝ። አንተ ግን ልጅ ነበርክ» አለችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

አሁን መርኩዝ ይዛ ከአልጋው እስከ በሩ ትደርሳለች። ክረምቱ ሳይጠና ቤቴ አድርሱኝ ትላለች። ሐኪሙም ፈቅዷል። ነገ እስከ መንገዱ ጫፍ በመኪና እንሄዳለን፤ ከዚያ ገዱ በቅሎ ይዞ ይጠብቀናል። እርሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። የቤቷ ክዳን ያፈሳል አሉኝ፤ የገብሱ ማሳም ሳይታረስ ቆይቷል።

እናትሽ እራት ላይ «እስከ መቼ ትቆያለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ዓለምዬ «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!» ብላ ተቆጣቻት። መብላቴን ቀጠልኩ።

ጉድጓዶችሽን በደህና ጨርሺ። ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ ታጁራ አትበዪ። «መካነ ብርሃን፣ ዓለምዬ ቤት» ብለሽ ጻፊ፤ ይደርሰኛል።

አጎትሽ
ሀብተ ሚካኤል